ለማይመጣው እንግዳ የተገዛው ሶፋ

የቤት ውስጥ ዲዛይን ሥራ ከጀመርሁ ወዲህ ደንበኞቼ ቁም ሳጥናቸውን፣ የታጨቀ ዕቃ ቤታቸውን፣ አንዳንዴም የትዳራቸውን ኩርፊያ ሳይቀር ገልጠው አሳይተውኛል፤ ሶፋ ላይ እንደሚጋደም በገዛ ፈቃዱ ያመነልኝ ግን እስካሁን አንድም የለም። «ሶፋው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ቀጥ ብለው ተቀምጠው ያነባሉ፤ አለዚያም እንግዳ ያጫውታሉ። ይህን የሚነግሩኝ ደግሞ አሮጌው ሶፋ አጠገብ ቆመው ነው፤ እሱም በአንድ ጫፉ የጭንቅላት፣ በሌላው ጫፉ የተረከዝ ጉድጓድ ይዞ ዝም ብሎ ያዳምጠናል።

በቅርቡ አንድ ባልና ሚስት ይዤ ሶፋ ልናይ ሄድን። ሁለቱም ጉልበታቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ ለጉርድ ፎቶግራፍ እንደሚነሣ ሰው አንገታቸውን አቅንተው ከጠርዙ ላይ ለ15 ሰከንድ ያህል ተቀመጡና «ይመቻል» ብለው ተነሡ። ጫማ ሲገዛ እንኳ ሰው ወዲያ ወዲህ ብሎ ይሞክራል፤ ዓመታት የሚኖሩበት ዕቃ ግን በ15 ሰከንድ ተመርምሮ አለፈ። ባልን «እባክዎ፣ ትንሽ ጋደም ብለው ይሞክሩት» አልኋቸው። ሻጩን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በሰው ፊት?» አሉኝ።

ችግሩ የመረጡት ሶፋ ከመቀመጫው ጠርዝ እስከ መደገፊያው 65 ሴንቲሜትር የሚጠልቅ መሆኑ ነበር። እግሩን ሰብስቦ ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ በረከት ነው፤ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ ለሚል ግን ጀርባው መደገፊያውን ሲያገኝ እግሩ መሬት ይለቅቃል፣ እግሩ መሬት ሲረግጥ ደግሞ ጀርባው ደጋፊ ያጣል። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ 55 ሴንቲሜትር ገደማ ይበቃዋል። እንግዲህ ወይ ምርጫቸው ተሳስቷል፣ ወይ የነገሩኝ ነገር እውነት አልነበረም።

ይህን እንዴት አክብሬ ልናገር ብዬ ሳስብ ሻጩ ስልክ ለማንሣት ወጣ። ባልም በሩን አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርገው ጫማቸውን አወለቁና ተዘረሩ። እኔና ሚስታቸው ስለ ጨርቅ እያወራን ሳለ ከወደ ሶፋው ቀጭን ማንኮራፋት ተሰማ። በስማቸው ስንጠራቸው «ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው» አሉ። በዚህ ሙያ ካየኋቸው ፈተናዎች ሁሉ አስተማማኙ ይህ ነው፤ ጥልቀቱ ጸደቀ።

የቀረው ቀለም ነበር። ሚስት ነጭ ፈለጉ፤ ምክንያቱም «እንግዳ ሲመጣ ደስ ይላል»። ቤቱ ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ እንዳለ አስታወስኋቸው። «ልጁ እዚያ አይቀመጥም» አሉኝ። ድመቷስ? «እሷም ተነግሯታል።» ጨርቅ ስንት ጊዜ ቢታሽ እንደሚሳሳ የሚለካ ማርቲንዴል የሚባል ሙከራ አለ፤ ለዘወትር የቤት አገልግሎት 20,000 እና ከዚያ በላይ መታሸት የቻለ ጨርቅ ይመረጣል። በዚያ ቁጥር ውስጥ ግን የድመት ጥፍር አልተቆጠረም። ድመት የምትወደው ክሩ ቀለበት ቀለበት ሆኖ የተሸመነ ሻካራ ጨርቅ ነው፤ ጥፍሯ የሚይዘው ነገር ያገኛል። የሚገርመው፣ ሁሉም ሰው «ለእንግዳ ብቻ» የሚለው ከፋይ ጥቅጥቅ ያለና ጥፍር የሚያስገባ ቀለበት የሌለው በመሆኑ የተሻለ ይቋቋማታል። ጥቁር ግራጫ ከፋይ መረጥን፤ እሳቸው ለእንግዳው፣ እኔ ለድመቷ።

ስለ ውስጡ ብዙ አልተጨቃጨቅንም። የፊት አንዱን እግር ከመሬት አንድ ስንዝር አነሣሁት፤ ሌላኛው የፊት እግር ወዲያው ተከትሎ ስለተነሣ አጽሙ እንደማይጠማዘዝ ገባኝ፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጨፈግግም። ቤት ስንመለስ በሶፋው ልክ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፍሁና ሦስታችንም ዙሪያውን እንድንመላለስ አደረግሁ፤ ጋዜጣ ሳይረግጥ ያለፈ ስላልነበረ 240 ሴንቲሜትር የነበረው ምኞት ወደ 210 ዝቅ አለ። የበሩንም ስፋት ለካሁ። በር ላይ የተቀረቀረ ሶፋ ያየ ሰው በሩን ሳይለካ አይገዛም።

ከሦስት ወር በኋላ መጋረጃ ልለካ ተመልሼ ሄድሁ። ሶፋው በነጭ አንሶላ ከዳር እስከ ዳር ተሸፍኗል፤ መካከሉ ላይ ድመቷ ተጠቅልላ ተኝታለች። ልቀመጥ ስል ሚስት ከወጥ ቤት ወንበር እየጎተቱ መጡና «እርስዎማ ቤተኛ ነዎት፣ እዚህ ይሁኑ» አሉኝ። ድመቷ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ጨፈነችው።