ወፏን ተዉአት!

እረ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ምን ነክቶናል?

ሰሞኑን ወደ ሸዋ ሮቢት እየወረድኩ ነበር። የጣርማ በርን ጭጋግ ጥለን፣ ደብረ ሲናን አልፈን፣ ሙቀቱ ጃኬት ማስወለቅ ሲጀምር የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። ከመንገዱ ማዶ፣ የታጨደ የማሽላ ማሳ ውስጥ አንዲት ረጅም ወፍ ትንጎራደዳለች። ግራጫ ናት፤ ጭኗ ጥቁር ቁምጣ የለበሰ ይመስላል፣ ፊቷ ብርቱካንማ ነው። ቆም ትልና መሬቱን በእግሯ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። አቧራው ቦነነ። ጎንበስ ብላ ቀና ስትል የአይጥ ጭራ ከምንቃሯ ጫፍ ለአፍታ ተንጠልጥሎ ታየና እልም አለ።

ወዲያው አንዱ ጎረምሳ ድንጋይ ወረወረ። ሌላው ወንጭፉን አወጣ። እኛ ትልልቆቹስ? ስልካችንን አውጥተን እየሳቅን ቪዲዮ ቀረጽን። እኔም ቀርጫለሁ፣ ስለዚህ ተግሳጹ ከራሴ ይጀምር። አንድ አባት ደግሞ «ጭልፊት ናት፣ ጫጩት ጨራሽ፣ በላት!» አሉ።

አባቴ፣ ጭልፊት አይደለችም። ጸሐፊ ወፍ ትባላለች። ከጭንቅላቷ ኋላ የተሰኩት ጥቋቁር ላባዎች የድሮ ጸሐፊ ከጆሮው ኋላ የሚሰካውን ብዕር ስለሚመስሉ ነው ስሙ የወጣላት ይላሉ። (የኛ ጸሐፊ «ነገ ተመለስ» ሲለን ይውላል፣ እሷ ግን ምግብ ፍለጋ በቀን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ልትሄድ ትችላለች።) ጫጩት መንገዷ ላይ ብታገኝ አትምርም ይሆናል፣ ግን የዘወትር ቀለቧ ፌንጣ፣ አንበጣ፣ አይጥና እንሽላሊት ነው። እባብም ትገድላለች። ክንፏን ዘርግታ ታደናግረውና ጭንቅላቱን በርግጫ ትለዋለች። እግሯ ረጅም ነው፣ በወፍራም ቅርፊት ተሸፍኗል፣ እባቡ ሰውነቷ ላይ በቀላሉ አይደርስም። እንግሊዝ አገር አንዷን የጎማ እባብ አስረግጠው ለክተዋት ነበር። ርግጫዋ የራሷን ክብደት አምስት እጥፍ ያህል ጉልበት አለው፤ እግሯ እባቡን የሚነካውም ለ15 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ ዐይናችንን ለማርገብገብ ከሚፈጅብን ጊዜ አንድ አሥረኛው ያህል ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። አይጥ ጎተራችንን ፈጀው ብለን መርዝ የምንገዛው እኛ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብን ማታ ገመድ ስናይ የምንዘለው እኛ። በ2013 መኸር አንበጣው ሲመጣ ቆርቆሮ እየደበደብን ያለቀስነውም እኛ። እሷ ያን መንጋ ብቻዋን ትመልሰዋለች አልልም፣ ውሸት ነው። ግን በነፃ፣ ያለ አበል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ማሳችንን የምትጠብቀውን በድንጋይ ማባረር ምን የሚሉት ጤና ነው?

ድንጋዩስ ይሁን፣ ትበርና ትድናለች። የባሰው ግራሩ ነው። ጎጆዋን የምትሠራው ጠፍጣፋ አናት ባለው ግራር ላይ ነው፣ ባልና ሚስት ሆነው በየዓመቱ እዚያው ይመለሳሉ። ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥልና 45 ቀን ያህል ትታቀፋለች። እኛ ደግሞ ያንኑ ግራር ቆርጠን ከሰል እናደርገዋለን። በፈረንጆቹ 2020 በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድባለች። እንዲህ ከቀጠልን ልጆቻችን ቆላ ወርደው የት አለች ሲሉ መልሱ በቁሙ «ወፍ የለም» ይሆናል።

የቆላው ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ የምቆጣው። የደብረ ብርሃን ሰው፣ አንተም አታምልጥ። ብርዱ እውነት ነው፣ ቡናውም ያለ ከሰል አይጥምህም፣ ግን ከሰሉን በማዳበሪያ ስትገዛ ከየት መጣ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? ቆራጩማ ገዢ ስላለ ነው የሚቆርጠው። ልጅህንስ ወንጭፉን አስቀምጥ ብለኸዋል? ግራሩ ላይ ጎጆ ካየህ ቢያንስ እሱን አንዱን ዝለለው፣ ይህን ያህል እንኳ አቃተን?

ወፏ ክንፏን ዘርግታ ሮጠች፣ ሮጠችና ተነሳች። ጎማው ተቀየረ፣ ጉዳያችንን ጨርሰን በማግስቱ ተመለስን። ሚኒባሱ ጣራ ላይ ሦስት ማዳበሪያ ከሰል ተጭኖ ነበር።

አንዱ የእኔ ነው።