ቡና የቆላው ሻምበል

እናቴ ኮሪያን የምታውቀው በቃኘው ሻለቃ ነበር። ልጅ ሳለች የሰፈር ሽማግሌዎች ስለ ዘመቻው ሲያወሩ ሰምታለች። ብርድ፣ ተራራ፣ ጥይት። አሁን ግን «ኮሪያ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚላት ቡና የሚቆላ ወታደር ነው።

ወታደሩ ሻምበል ሪ ጆንግ ህዮክ ይባላል። «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» በሚባለው የደቡብ ኮሪያ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለ የሰሜን ኮሪያ መኮንን ነው። ድራማው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ተጀምሮ በ2020 መጀመሪያ ያለቀ ነው። ዩን ሴ ሪ የምትባል የሴኡል ባለሀብት ፓራግላይደር በሚባል የመብረሪያ ጃንጥላ ስትበር ዐውሎ ነፋስ ይዟት ይሄዳል። ድንበር አሻግሮ ሰሜን ኮሪያ ዛፍ ላይ ያንጠለጥላታል። ሻምበሉ ያገኛታል። አሳልፎ መስጠት ሲገባው ቤቱ ይደብቃታል።

ሴ ሪ ቡና ትወዳለች። መንደሩ ውስጥ ደግሞ እሷ የለመደችው ዓይነት ቡና የለም። አንድ ቀን ሻምበሉ ጥሬ ቡና ከገበያ ገዝቶ ይመጣል። እሳት አንድዶ ድስት ይጥዳል። ዝም ብሎ እያማሰለ ይቆላል። ፈጭቶ፣ አፍልቶ ያቀርብላታል። ስለ ፍቅር አንዲት ቃል አይተነፍስም።

እናቴ እዚህ ጋ ስትደርስ የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች። «ወንድ ልጅ ቡና ሲቆላ!» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እስቲ መልሺው» አለችኝ። መለስኩት። አሁንም መልሺው አለች።

እሷ በዕድሜዋ ስንት ሺህ ጊዜ ቡና እንደቆላች ማን ቆጥሮ ያውቃል? ለእንግዳ፣ ለለቅሶ፣ ለበዓል፣ ለጎረቤት። ወገቧን እያመማት ሳይቀር ቆልታለች። ለእሷ ቆልቶ ያጠጣት ወንድ ግን የለም። እኔም ብሆን ከዚያ ቀን በፊት ይህን ነገር አስቤው አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ተጠጋግተን ስናይ ሲያገኘን «ይሄ እኮ ቅዠት ነው፣ ከኑሮ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። እንደሱ የሚሉ ብዙ ናቸው። የኮሪያ የፍቅር ኮሜዲ ማለት ለነሱ ሀብታም ወንድ፣ ቆንጆ ፊትና ለቅሶ ነው። የልጃገረድ ነገር ነው። ማየቱም ጊዜ ማባከን ነው።

አልስማማም። እናቴ ደጋግማ ያየችው ትዕይንት ውስጥ ሀብት የለም። ያለው ጥሬ ቡና፣ ድስትና እሳት ነው። እነዚህ ድራማዎች ልብ የሚነኩት ትልቁን ነገር ሲያሳዩ አይደለም። አንድ ሰው የሌላውን ጥቃቅን ፍላጎት ልብ ሲል ሲያሳዩ ነው። ያቺው ሴ ሪ መዓዛ ያለው ሻማ እንዲገዛላት ሻምበሉን ጠይቃው ነበር። እሱ ነገሩን ስለማያውቀው ተራ ሻማ ይዞላት መጣ። በኋላ ማታ ገበያ ውስጥ ትጠፋለች። ጨለማ ነው፣ ሰው ይተራመሳል፣ እሷ ፈርታለች። ድንገት ከሕዝቡ መሀል አንድ የበራ ሻማ ከፍ ብሎ ይታያል። ሻምበሉ ነው። በዚህኛው ጊዜ የያዘው መዓዛ ያለውን ሻማ ነው። ቃሏን አልረሳውም። ይህን ቅዠት ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ቅዠት ያደረገብን ምን እንደሆነ መልሼ እጠይቀዋለሁ።

ብዙዎቹ የኮሪያ የፍቅር ድራማዎች 16 ክፍል አላቸው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ይላል። በሳምንት ሁለት ክፍል እየተላለፈ በሁለት ወር ያልቃል። ዓመታት አይጎተትም። ውስጡ ግን አይቸኩልም። እጅ ለእጅ ለመያያዝ ብቻ አምስትና ስድስት ክፍል የሚጠበቅበት አለ። እኔ ይህን ዝግታ እወደዋለሁ። ሰዎቹ ከመዋደዳቸው በፊት ይተዋወቃሉ።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ስለዚህ ከፊልም ቤት በፍላሽ አስጭኜ የማመጣውን፣ ሰብታይትሉን እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ኮሪያኛ እንደ አማርኛ የአክብሮት አነጋገር አለው። የሚያከብሩትን ሰውና የሚቀርቡትን ሰው በአንድ ዓይነት አያናግሩም። እንግሊዝኛው ሰብታይትል ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያልፋቸዋል። እኔ ግን ለእናቴ ስተረጉም መምረጥ አለብኝ። «እርስዎ» ልበል ወይስ «አንተ»? ተዋናይዋ ድምፅዋ ለስለስ ሲል፣ ሁለቱ ሰዎች «ከዛሬ ጀምሮ እንላመድ» ሲባባሉ፣ «እርስዎ»ን ትቼ «አንተ» እላለሁ። እናቴ ወዲያው ትስቃለች። «ያው ተዋደዱ» ትላለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚያልፈውን እሷ በአንዲት ቃል ትይዘዋለች።

«ሆምታውን ቻ ቻ ቻ» የሚባለው የ2021 ድራማ ከዚህ ነገር ብዙ ሳቅ ያወጣል። ዩን ሄ ጂን የጥርስ ሐኪም ናት። ከሴኡል ወጥታ ጎንግጂን የምትባል የባሕር ዳር መንደር ትገባለች። መንደሯ በእውን የለችም፣ የተቀረጸው ግን ፖሃንግ አካባቢ ነው። እዚያ ሆንግ ዱ ሺክ የሚባል ሁሉን ቻይ ሠራተኛ አለ። ይህ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ያለ ምንም አክብሮት «አንቺ» ይላታል። የመንደሩን አያቶች ሁሉ በስማቸው ይጠራል። እሷ ትናደዳለች። እኛም ሰፈር ውስጥ የማያውቀን ሰው ድንገት «አንቺ» ሲለን የሚሰማንን ስለምናውቅ ከእሷ ጋር እንናደዳለን።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሐኪሟ ባሕሩ ዳር ጫማዋ ይጠፋባታል። ዱ ሺክ ነጠላ ጫማ ይሰጣታል። የዚያን ቀን ኔትወርክ ስለጠፋ የባንክ ካርዷ አይሠራም። ገንዘብ የላትም። ምን አደረገ? ከመንደሩ አያቶች ጋር ተቀምጣ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሆድ ዕቃ እንድታወጣ ሥራ አገኘላት። ክፍያው በሰዓት ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ነው። በዚያ ዓመት በደቡብ ኮሪያ ገንዘብ 8,720 ዎን ነበር። እሱ ራሱ ለሚሠራው ሥራ ሁሉ የሚያስከፍለው ይህንኑ ነው። ሀብታም ወንድ የታል ታዲያ?

ምግቡም አለ። እዚያ «በልተሻል?» ብሎ መጠየቅ ሰላምታ ነው። ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው ለሚወዱት ሰው አፉ ውስጥ ሲያጎርሱ ሳይ ትርጉም አያስፈልገኝም። ጉርሻ ነው።

ወንድሜ እውነት ያለበት ቦታም አለ። የኩባንያ ወራሽና ድሃ ልጅ የሚገናኙበት ታሪክ በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ» ውስጥ ያለውን ጉልበተኝነት አሁን ማየት ይከብደኛል። ሴቷን ክንዷን ይዞ እየጎተቱ መውሰድን ፍቅር አድርገው ያሳዩ የነበሩ ድራማዎች ብዙ ነበሩ። ይህ ጥፋት ነው፣ ጥፋት መባል አለበት። ግን ድራማዎቹ ባሉበት አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ዋትስ ሮንግ ዊዝ ሴክሬታሪ ኪም» ታሪኩ የሚጀምረው ጸሐፊዋ ለዘጠኝ ዓመት ያገለገለችውን አለቃ «ሥራ ለቅቄያለሁ» ስትለው ነው። የራሴን ሕይወት መኖር እፈልጋለሁ ነው ነገሩ።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ኪም ሳም ሱን አለች። እ.ኤ.አ. የ2005 ድራማ ናት። ኬክ ጋጋሪ፣ ወፈር ያለች፣ ሠላሳ ዓመት የደረሰች፣ ያላገባች። በዚያን ጊዜ ኮሪያ ውስጥ እንዲህ ያለችዋን ሴት የሚያዩበት ዓይን እኛ «ቆሞ ቀር» ስንል ያለን ዓይን ነበር። ስሟ ራሱ ያረጀ ስም ስለሆነ ታፍርበታለች። ሰው ግን ወደዳት። የመጨረሻው ክፍል ከ50 በመቶ በላይ ተመልካች አገኘ። ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች ግማሽ ያህሉ አየው ማለት ነው። ሰው ከቆንጆ ፊት ሌላ የሚፈልገው ነገር ባይኖር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ስለ ድንበሩም ልጨምር። ሴ ሪ የወደቀችበት መስመር እ.ኤ.አ. በ1953 ተኩስ ሲቆም የቀረው ነው። ከቃኘው ከ120 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጦርነት ያሰመረው መስመር። እናቴ በልጅነቷ የሰማችው ወሬ ውስጥ ያለው ተራራ። ደራሲዋ ፓርክ ጂ ኡን እዚያ ላይ ቆማ ሰው የሚያስቅ ታሪክ ጻፈች። ከሻምበሉ ወታደሮች አንዱ የደቡብ ኮሪያ ድራማ ተደብቆ የሚያይ፣ በፍቅሩ ያበደ ልጅ ነው። እሱ ሲስቅ ሳይ የመሬቱ ክብደት አይጠፋኝም። ለዚህም ነው «ቀላል ነገር» የሚለው ቃል የማይጥመኝ።

መጀመር የሚፈልግ ሰው ካለ ከ«ሆምታውን ቻ ቻ ቻ» ይጀምር። ብቻውን ባያይ ይሻላል። እናቱን ወይም አክስቱን ይጥራ። የጥርስ ሐኪሟ መጀመሪያ ላይ ኩራተኛ ናት፣ ታናድዳለች። ትንሽ ይታገሷት። አያት ጋም ሪ የምትባል አሮጊት አለች፣ ለጥርሷ ገንዘብ ማውጣት የማትፈልግ። እሷን ልብ ብለው ይዩአት። የሚሆነውን አልነግራችሁም። መጨረሻዎቹ ክፍሎች ላይ ግን ሶፍት አጠገባችሁ ይኑር።