ልጆቻችሁን አሞራ ገደል የምትወስዱ፣ በጠዋት ውሰዷቸው

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ሐዋሳ የገባ ቤተሰብ የሚያደርገው ይታወቃል። ሆቴል ይያዛል፣ ማምሻውን ፍቅር ሐይቅ ዳር ወክ ይደረጋል፣ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ «ዓሣ እንብላ» ተብሎ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይኬዳል። መግቢያ ይከፈላል፣ ጥብስና ሾርባ ይታዘዛል፣ ልጆቹ አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ አሞራ ጋር ፎቶ ይነሳሉ፣ ፎቶውም ሳይውል ሳያድር ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ልጆቹ ግን ዓሣ ገበያ ሄደው ገበያውን ሳያዩ ተመለሱ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ምግብ ቤት እንጂ ገበያ አይደለም።

ገበያው የጠዋት ነው። አስጋሪዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ንጋት ላይ ሰብስበው ጀልባቸውን ወደ ዳር ያስጠጋሉ። መረቡ ይዘረጋል፣ ዓሣው አንድ በአንድ ከቀዳዳው ይፈለቀቃል። እዚያው ቢላ ይወጣል፤ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ሆድ ዕቃው ይዘረገፋል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል። ለሆቴል የሚገዛው፣ ቸርቻሪው፣ ለቤቱ ሁለት ዓሣ የሚፈልገው ሁሉ በአንድ ላይ ይከራከራል። በጾም ወቅት ፈላጊ ስለሚበዛ ጫጫታውም ይጨምራል። (ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም የሚለውን ሙግት እዚህ አልከፍተውም፤ አስጋሪዎቹ መልሱን ከሽያጫቸው ያውቁታል።)

«ይሸታል፤ ደሙ፣ ዝንቡ፤ ልጅ ይዞ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ይሸታል፣ አልክድም። ግን ዶሮን ከሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ፣ ዓሣን ከሳህን ላይ ብቻ የሚያውቅ ልጅ እያሳደግን ነው። የሚበላው ነገር በሕይወት እንደነበረ፣ ሌሊቱን ውኃ ላይ ያደረ ሰው እንዳመጣለት አንድ ቀን ቢያይ አይጎዳም። እንዲያውም ከአዋቂው ይልቅ ልጁ ነው ቶሎ የሚለምደው። አፍንጫውን ይዞ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ አባት ነው።

የሚታየው ነገር ደግሞ ብዙ ነው። ከሐይቁ ከሚወጣው ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፤ አምባዛም አለ፣ ጢሙ ረዝሞ ልሙጥ ቆዳ ያለው፤ ልጆች መጀመሪያ የሚፈሩት እሱን ነው። ቆሮሶን ስታሳዩአቸው ግን አንድ ነገር ንገሯቸው፦ እናቲቱ እንቁላሎቿን የምትታቀፈው በአፏ ውስጥ ነው። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህን የሰማ ልጅ ከመዳፉ የማይበልጥ ቆሮሶ ተከምሮ ሲያይ «ይቺስ ወልዳለች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው። የመረቡ ቀዳዳ በጠበበ ቁጥር ሳይወልድ የሚያዘው ዓሣ ይበዛል። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ካወጣች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ትንንሹ ዓሣ ግን ገበያው ላይ ዛሬም አይጠፋም። ገዢ ካለ አስጋሪው ለምን ይተወዋል? ስለዚህ ልጆቻችሁ ፊት ትንሹን አትግዙ።

አባ ኮዳን አልዘለልኩትም። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ራሱ መላጣ፣ ትከሻውን ሰብሮ የሚቆም አሞራ አጠገባችሁ ሲራመድ ትልቅ ሰውም ይደነግጣል። በራሱ እግር ላይ ኩሱን የሚለቀው ባለጌ ሆኖ ሳይሆን ሙቀቱን ለማብረድ እንደሆነ ብትነግሯቸው፣ ከጉዞው ሁሉ የሚያስታውሱት ይህንኑ ሊሆን ይችላል። የዓሣ አንጀቱን ጠራርጎ የሚበላው እሱ ስለሆነ ለገበያው ጽዳት ሠራተኛ ነው። ፌስታልም ሊውጥ ይችላልና በእጃችሁ ያለውን ፌስታል ጠብቁት። ሐይቁም እንደዚያው ነው፤ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ፕላስቲክ፣ የገባው ሳሙና፣ ከከተማውና ከፋብሪካው የወረደው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ከጤና በኩል ሁለት ነገር ብቻ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት እዚያ የተለመደ ነው፤ ለራሳችሁ የምታውቁት ነው፣ ለልጅ ግን አትስጡ። የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፣ የሚገድለውም እሳት ነው። ሁለተኛ፣ ጫማ አስወልቃችሁ ውኃው ዳር አታራግጧቸው፤ በሐይቁ ዙሪያ የብልሃርዝያ በሽታ ይገኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አሞራ ገደል ላይ ያሉት ልጆች የእኛ ብቻ አይደሉም። የእኛ ልጅ ቆሞ ሲያይ እኩያው ቁጭ ብሎ ቅርፊት ይፍቃል። ሌላው አንጀት በእጁ ይዞ አባ ኮዳውን እየጠራ ፎቶ እንድትነሱና ሳንቲም እንድትሰጡት ይጠብቃል። ምሳ በልተን የምንሄድ ሰዎች ይህን እንደ አካባቢው ድምቀት እናየዋለን። ልጆቻችን ግን «እሱስ ዛሬ ትምህርት የለውም?» ብለው ይጠይቃሉ፣ እኛም ወሬ እንቀይራለን።

«እኛስ ከብት ጠብቀን፣ ውኃ ቀድተን አይደለም ወይ ያደግነው?» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአባቱ ጋር መረብ የሚያራግፍ ልጅ ሙያ እየተማረ ነው፤ ከእኛ ልጆች የበለጠ ስለ ሐይቁ ያውቃል፣ ቢጠይቁት ያስተምራቸዋል። ይህንን በትምህርት ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ከሚሠራ ልጅ ጋር አንድ ማድረግ ግን አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ከልክሏል። ለሽርፍራፊ ሳንቲም ዓሣ የሚልጠውና አሞራ የሚያበላው ልጅ ግን ማንም «ቀጠርኩት» አይልም፤ ቀጣሪ የሌለው ሠራተኛ ስለሆነ አዋጁ አጠገቡ አይደርስም። ደመወዙን የምንከፍለው እኛ ነን፣ በየፎቶው።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ለፎቶ የሚሰጠውን ብር መተው፣ በምትኩ ከአስጋሪው ወይም ዓሣ ከምትሸጠው እናት ዋጋ ሳያወርዱ መግዛት። ዓሣውን በሃያ ብር ለማስቀነስ አሥር ደቂቃ ተከራክሮ፣ ዞር ብሎ ለልጁ አሥር ብር መወርወር ቸርነት አይደለም፤ የአባቱን ገቢ ቀንሶ ልጁን ለሥራ መጥራት ነው። ይህ ጨካኝ የሚመስላቸው ይኖራሉ። ያቺ አሥር ብር ለዚያ ቀን ራት ልትሆን እንደምትችል አልጠፋኝም። ሆኖም ገበያው በትምህርት ሰዓት የልጅ እጅ የሚፈልገው ጎብኚው ስለሚከፍልበት ከሆነ፣ መጀመሪያ ማቆም ያለበት ጎብኚው ነው።

ሌላው የመግቢያው ብር ነው። መክፈሉ አይከፋኝም፤ የሕዝብ ገበያ የሚጠበቅበት ወጪ አለው። የሚከፈልበት ቦታ ግን ዓሣ የሚታጠብበት ንጹሕ የቧንቧ ውኃ፣ እጅ መታጠቢያ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ ልጅ የሚገባበት መጸዳጃ ሊኖረው ይገባል። ከሚሰበሰበው ላይ ጥቂቱ ለአካባቢው ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ቢውል ደግሞ የማክሰኞውን ጥያቄ በከፊል ይመልሳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ስትሄዱ ትኬት የሚቆርጠውን ሰው «ይህ ገንዘብ ምን ላይ ይውላል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ልጆቹ እየሰሙ።