ይድረስ ለክቡር ቦይለራችን

ቁጥር፦ መ/ቤት/04/18
ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ ክቡር ቦይለር፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር በላይ
ጉዳዩ፦ ሰው ሳይታጠብ ውሃ እያሞቁ መሆኑን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከላይ «መ/ቤት» ያልኩት መታጠቢያ ቤት ለማለት ነው። ከመሥሪያ ቤት ጋር ቢምታታብዎ አይግረምዎ። እርስዎም ቀኑን ሙሉ መብራት አብርተው ተቀምጠው፣ ባለጉዳይ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲመጣ «ገና ነው፣ ቆይተው ይመለሱ» የሚሉ ሹም ነዎት።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ የገባን ሰሞን ባለቤቴ «ቦይለር ሳይሰቀል አልጋ አይገባም» ብላ ነበርና ከአልጋው በፊት እርስዎ ተሰቀሉ። ሠራተኛው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ብሎኬት መሆኑን ሰማ፣ 80 ሊትር ሆድዎን ደግሞ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። በስተመጨረሻ ወዲህና ወዲያ በሚያልፍ ረጅም ቡሎን አስሮ ሰቀለዎት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን የመጣ እንግዳ የበላም ያልበላም «እስኪ እጅህን ታጠብ» ይባል ጀመር። ሙቁ ውሃ እጁን ሲነካው ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ለማየት ነበር። ዕዳ ገብተን የገዛነው ነገር ስለሆነ አድናቆቱ ይገባን ነበር። ያ ጊዜ አለፈ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ፋሲካ ነው። ደብረ ብርሃን እናቴ ዘንድ ልንሄድ ስንነሳ ፍሪጁን አራገፍን፣ ቴሌቪዥኑን ነቀልን፣ የሲሊንደሩን ጋዝ ዘጋን፣ በሩን ሁለቴ ቆለፍን። እርስዎን ረሳንዎት። ባለቤቴ ከቤት ስትወጣ የካርድ ቆጣሪውን ንባብ በስልኳ ፎቶ የማንሳት ልማድ አላት። (ከሠርጋችን ፎቶ የቆጣሪው ይበልጣል።) በአራተኛው ቀን ስንመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ፎቶውንና ቆጣሪውን አስተያየች፤ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጎድሏል። ቤቱ ውስጥ ዝንብ እንኳ አልነበረም። እርስዎ ግን አራት ቀን ሙሉ ውሃው በረድ ሲል እያሞቁ፣ ሲሞቅ ለግድግዳው እያከፋፈሉ፣ ያቺን ቀይ ዓይንዎን ጭፍን ብልጭ እያደረጉ ከርመዋል። ማንን ነበር የሚጠብቁት? ሌባ ከገባ ታጥቦ እንዲወጣ ነው?

ሒሳቡንም ሠርቼዋለሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ እንዲሞቅ ወደ 4,200 ጁል ይፈልጋል። ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ በእሱ አልወቅስዎትም። ከቧንቧ በ18 ዲግሪ የገባ 80 ሊትር ውሃ 65 ላይ እስኪደርስ ወደ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በ1,500 ዋት ኤለመንትዎ ሦስት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። እኔ ጠዋት የምታጠበው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በአንድ ባልዲ ነው። 15 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ማለት 0.4 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እርስዎ በየማለዳው ለአንድ ሰው ቁርስ የሠርግ ድስት ይጥዳሉ። የተረፈውን ማንም አይበላውም፤ ማታ ድረስ ሲበርድ ይውልና እንደገና ይሞቃል። እኔ ከወጣሁ በኋላ በባዶ ቤት ለሚያሞቁት ውሃ የምከፍለው እኔው ነኝ። ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ እንደሚወጣ እርስዎ ባያውቁ እኔ አውቀዋለሁ።

የሚያበሽቀኝ ግን ብሩ ብቻ አይደለም። የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው። እስኪ መንገዱን ይከተሉት። ዓባይ ጉባ ላይ ይወድቃል፣ ተርባይን ያዞራል፣ መብራት ሆኖ ሽቦ ላይ ይወጣል፣ ያን ሁሉ ቆላና ደጋ አቋርጦ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ይሄን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ምን ሊሠራ ነው? ሌላ ውሃ ሊያሞቅ! ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የ5,150 ሜጋዋት ግድብ ሲሠራ እኔም እንደ አቅሜ ቦንድ ገዝቻለሁ። የገዛሁት ግን እርስዎ ሰው በሌለበት ቤት እንዲሞቅዎ ብዬ አልነበረም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል ነበር። ይኸው ማደሪያ አገኘ፤ እርስዎ ሆድ ውስጥ።

ደግሞ እኮ ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወረድ ብለው ፍልውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ሰፈሩም ከተማ ሆነ፣ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። መሬት ራሷ አሙቃ የምታቀርበው ውሃ ነበር። ቴርሞስታት የለ፣ ብሬከር የለ፣ ካርድ መሙላት የለ። ለመታጠብ ብሎ የተመሠረተ ከተማ ነዋሪ ሆኜ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን እንዳደረግሁ እርስዎ ሥር ቆሜ ቀይ መብራት እስኪጠፋ የምጠብቀው በምን ኃጢአቴ ነው?

ከምጣዱ ጋር ያለዎትን ጠብ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ታበራለች። እሱ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ነው። እርስዎ እንደበሩ ከሆኑ ዋናው ብሬከር ይወድቅና ቤቱ ይጨልማል፤ ያሰፋችው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ ይቀራል። ምጣዱን እንኳ ባልወድደው አከብረዋለሁ፤ ሲሞቅ እንጀራ ይወጣዋል፣ ሲያልቅ ይጠፋል፣ ክዳኑ ተደፍቶበት ይቀመጣል። አንተ ግን... አዎ፣ «አንተ» ብዬሃለሁ፤ እርስዎታው እዚህ ጋ ቢያልቅ ምን ይገርማል። አንተ ቆመህ የምትጠብቀው ሰው እንኳ የለህም! ሌሊት ስምንት ሰዓት ለሽንት ስነሳ ያቺ ቀይ ዓይንህ ጨለማ ውስጥ ታፈጥብኛለች፤ በገዛ ቤቴ የሚጠረጠር ሰው ያለ ነው የሚመስለኝ።

አንተን ስወቅስ «ታዲያ ምን ይሻላል?» ለሚል ሰው ደብረ ብርሃን ያለች እናቴን አሳየዋለሁ። እማዬ ቦይለር የላትም። አንድ ዘይት የመጣበት ጥቁር ጀሪካንና ሁለት ቢጫ ጀሪካን አላት። ጠዋት ፀሐይ አጥሩን ስትሻገር ጀሪካኖቹን ውሃ ሞልታ ድንጋይ ላይ ታሰጣቸዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የልጅ ልጆቿን በሳፋ ታጥባለች። «ጥቁሩን ለሕፃኑ፣ ቢጫውን ለትልልቆቹ» ነው ትእዛዙ። ለምን ብላት «ፀሐይ ጥቁር ትወዳለች» አለችኝ። ኢንጂነሮቹ ጥቁር ሳህን በመስታወት ሸፍነው፣ ከላዩ ጋን አስቀምጠው የሚሸጡት ነገር እኮ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ውሃው ሲሞቅ ይቀልልና በራሱ ወደ ጋኑ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል፣ ፓምፕ እንኳ አያስፈልግም። ልዩነቱ እማዬ ጋ ውሃው በራሱ አይወጣም፤ የሚያነሳው የልጅ ልጅ ነው።

እስራኤል፣ ሬሆቮት ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ስለአንተ ስነግራት ሳቀች። «ዱድ ሼሜሽ የላችሁም እንዴ?» ትለኛለች፤ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠውን የፀሐይ ማሞቂያቸውን ማለቷ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነዳጅ ቢያጥራቸው መንግሥት ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ውሃ ማሞቅን ከልክሎ ነበር። (ይህችን አንብባት። አንተ በዚያ ዘመን ብትሆን ወንጀለኛ ነበርክ።) እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በቀር፣ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ የፀሐይ ማሞቂያ እንዲገጠምለት በሕግ ታዘዘ። «እናንተ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ነን ብላችሁ ቱሪስት ትጠራላችሁ፣ እራሳችሁ በግድብ ትታጠባላችሁ» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁና የቡና ዋጋ ጠየቅኋት።

ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ እኛም ፀሐይን እያየን ቦይለር ስናመሰግን ኖርን። ስለዚህ በጥቅምት ወር ጉዳዩን ወደ ሕንፃው ማኅበር ወሰድኩት። ጣሪያው የጋራ ነው፤ የጋራ ሕንፃ አዋጁም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን «የጋራ» የሚለው ቃል ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ከስብሰባው በፊት አላውቅም ነበር። አራተኛ ፎቅ «ጣሪያው ከኛ በላይ ነው፣ ቢያፈስ የሚያፈሰው እኛ ላይ ነው» አለ። ምድር ቤት «እኛም ጣሪያ ይድረሰን» አለ። አንድ አባት ተነስተው ዲሻቸውን ማንም እንዳይነካባቸው ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁ። አንዲት እናት ደግሞ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ስትጠፋስ ብለው ጠየቁ። ከሁሉም የሚረባው ጥያቄ የእሳቸው ነበር፤ ያን ጊዜ መጠባበቂያ ኤለመንት ያስፈልጋል፣ ማለትም አንተን የመሰለ ነገር። ኮሚቴ ተቋቋመ። እስካሁን አልተሰበሰበም።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ፀሐዩም ቅዱስ አይደለም። የመስታወት ቱቦ ያለው ዓይነት እኩለ ቀን ላይ ውሃ ሄዶ ባዶውን ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲመጣበት ይሰነጠቃል። እኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው። ያለ ሮቶ፣ ያውም ከማሞቂያው በላይ ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ ሮቶ፣ ነገሩ የቱቦ መሰባበሪያ ነው። ከአየር ላይ ሙቀት እየለቀመ ውሃ የሚያሞቅ ሂት ፓምፕ የሚባልም አለ፤ ፍሪጅን ገልብጠህ አስበው፤ የበላውን መብራት ሦስት እጥፍ ገደማ ሙቀት አድርጎ ይሰጣል። ዋጋውን ጠየቅሁና ሻጩን አመስግኜ ወጣሁ።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ባለሙያ ጠርቼ ሆድህን አስከፈትኩህ። ኤለመንትህ በነጭ ደለል ተለብጦ እንደ ተቀቀለ አጥንት ሆኗል። ጋኑ እንዳይዝግ ተብሎ የተሠራው የማግኒዥየም ዘንግህ አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ባለሙያው «ይሄ ስንት ዓመት ሳይከፈት ቆየ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቴ አየችኝ። ቴርሞስታቱንም አየ፤ መጨረሻው ላይ ነው። «ማነው ማክስ ላይ ያደረገው?» አለ። ባለቤቴ እንደገና አየችኝ። እኔ የበሩን ቀለም አየሁ።

ስለዚህ ወደ እርስዎታው እመለሳለሁ፤ በጥፋቱ እጄ ካለበት ሰው ጋር ስናገር ጨዋ መሆን ይቀናኛል።

ክቡር ቦይለር፣ ከሥራ አልተሰናበቱም፤ ምትክ እስኪገኝ ግን በሰዓት ይሠራሉ። ከነገ ጀምሮ በተገጠመልዎ ታይመር መሠረት የሥራ ሰዓትዎ ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ሙቀትዎ 60 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ያላወረድኩዎት አዝኜልዎት ሳይሆን ለብ ያለ ጋን ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ስለሚመቸው ነው። ቅዳሜ ምጣዱ ሲሠራ እርስዎ ዝም ይላሉ። ለፋሲካ፣ ለገናና ለሠርግ ከከተማ ስንወጣ ብሬከርዎ ይወርዳል፤ ባለቤቴም ፎቶ ታነሳለች።

ከሠላምታ ጋር

(ፊርማ የማይነበብ)
የመ/ቤቱ ተጠቃሚ

ግልባጭ፦
ለምጣድ፣ የቅዳሜው ድል ለእርሱ መሆኑን እንዲያውቀው
ለካርድ ቆጣሪ፣ ቀስ ብሎ እንዲቆጥር
ለጥቁሩ ጀሪካን፣ ደብረ ብርሃን
ለፀሐይ፣ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ በትዕግሥት እንዲጠብቁ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ቀይዋ መብራትዎ ጠፋች፤ ደርሷል ማለት ነው። ፎጣዬን ይዤ ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ፉጨት ብቻ ወጣ። ውሃ ሄዷል። 80 ሊትር ትኩስ ውሃ ሆድዎ ውስጥ አለ፤ ከኋላ የሚገፋው ቀዝቃዛ ውሃ ስለሌለ ግን አንድ ጠብታ አይወጣም። ጀበናውን ጥጄበታለሁ፤ ፊቴን በእሱ እታጠባለሁ።