በሽመላ ተሳፍረን

አጎቴ ኦሳካ ሲገቡ የእጅ ሰዓታቸውን አልነኩም። መንካትም አላስፈለጋቸውም። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ሰዓት ስንቆጥር ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት እንለያለን። ስድስትና ስድስት አሥራ ሁለት ነው፤ አሥራ ሁለት ደግሞ በሰዓት ፊት ላይ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተሞላው የአጎቴ ሰዓት፣ ሌሊቱ ቀን ከመሆኑ በቀር፣ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት ጋር አንዲት ደቂቃ ሳይዛነፍ ገጠመ። ስሌቱን በወረቀት ላይ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ወረቀቱን ገፋ አደረጉትና፣

«ጃፓኖች በእኛ ሰዓት ነው የሚሠሩት በለኛ!» አሉ።

ይህ ወሬ አሁን ሰፈራችን ውስጥ በታሪክነት እየተነገረ ነው።

የመጡት እኔን ሊጠይቁ ነው። ጉልበታቸውን ግን አብረው ስላመጡት በሦስተኛው ቀን «ቁርጥማቴ ፍልውሃ አምሮታል» አሉኝ። ጃፓን ደግሞ እሳተ ገሞራ ላይ የተቀመጠች አገር ናት፤ ኦንሰን የሚሉት ፍልውሃ የሌለበትን አካባቢ መፈለግ ይቀላል። እኔ የመረጥኩት ኪኖሳኪን ነው፤ ከጃፓን ባሕር አጠገብ፣ ከኦሳካ በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሚደረስባትን ትንሽ ከተማ። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ደርሰን እንድንመለስ በኅዳር መጀመሪያ ቅዳሜ ቆረጥን።

ባቡሩ የሚነሳው ሰዓታቸው አሥር ሲል ነው። እሳቸው ገና አምስት ሳይል ለብሰው፣ ሻንጣቸውን በገመድ ጠፍረው፣ በሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሐበሻ ቀጠሮ አያከብርም የሚሉ ሰዎች ሐበሻን አውቶቡስ ተራ አላዩትም። እኛ ለሰው እንጂ ለመኪና አንዘገይም።

«ወንበራችን ቁጥር አለው ጋሼ፤ ማንም አይቀማንም» አልኳቸው።

«ቁጥርማ አውቶቡሱም ነበረው።»

ትኬቱ ሁለት መሆኑም አላማራቸውም። በጃፓን ፈጣን ባቡር የሚሳፈር ሰው አንድ ትኬት ለመንገዱ፣ አንድ ትኬት ደግሞ ለፍጥነቱ ይከፍላል። «አንዱ ለመሄድ፣ ሌላው ቶሎ ለመሄድ ነው» ብዬ አሳጠርኩላቸው። ጥቂት አስበው፣ ጡረተኛ ስለሆኑ ቶሎ የመሄዱን ትኬት እንድመልስ ጠየቁኝ።

ሺን ኦሳካ ጣቢያ ስንደርስ ሺንካንሰን የተባለው ጥይት ባቡር አፍንጫውን አሹሎ ቆሞ ነበር። ከቶኪዮ እዚህ ድረስ መሮጥ የጀመረው መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ የግሸን ማርያም ዕለት መሆኑ ነው። በሃያኛው ቀን፣ ጥቅምት 11፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሜዳው ላይ ጅምናስቲክ ሠራ። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ባቡሩን ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥሎም ጣሪያው ላይ የተዘረጋውን ሽቦ ተመለከቱ።

«የእኛው ግን መብራት ቢጠፋም ይሮጥ ነበር» አሉ።

የእኛ ባቡር ስሙ ኮኡኖቶሪ ነው፤ ሽመላ ማለት ነው። ጃፓን የዱር ሽመላዋን እ.ኤ.አ. በ1971 ጨርሳ አጥታዋለች። የመጨረሻው የሞተው በምንሄድበት መንገድ ላይ ባለችው በቶዮኦካ ነበር። ከዚያ እያረቡ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው ቶዮኦካ ላይ መልሰው ለቀቁት። አሁን ሩዝ ማሳ ውስጥ እንደ ባለርስት ሲንጎራደድ ይታያል ይባላል። አጎቴ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የሚተራመሰውን አባ ኮዳ አስታወሱና፣ ያን ጊዜ አንድ ጭነት ቢላክላቸው ኖሮ ለሁለቱም አገር ይበጅ እንደነበር ነገሩኝ።

ባቡሩ በሰዓቱ ተነሳ። ስለ ጃፓን ባቡር ሰዓት አክባሪነት የማይጽፍ የለምና እኔ እተወዋለሁ። አጎቴን የከነከናቸው ሌላ ነገር ነው። በወጣትነታቸው በድሬዳዋ ባቡር የተመላለሱ ሰው ናቸው፤ ባቡር ሲባል በየጣቢያው መስኮት ሥር የሚሰለፍ ሻጭ ይታያቸዋል። በቆምንበት ሁሉ መስኮቱን ዳበሱ። አይከፈትም። «ታዲያ ሻጮቹ በየት ነው የሚያቀብሉት?» አሉኝ። ምግቡ ተሳፋሪው ከመግባቱ በፊት ጣቢያው ውስጥ በሣጥን እንደሚገዛ ስነግራቸው «ይኼ ባቡር ሳይሆን ሣጥን በሣጥን ነው» ብለው ዳቦ ቆሏቸውን ፈቱ።

ትኬት ተቆጣጣሪው ወደ ፉርጎው ሲገባ እጅ ነሳ፤ ሲወጣም ዞሮ እጅ ነሳ። አጎቴ ሁለቱንም ጊዜ ብድግ ብለው አጸፋውን መለሱ። በሦስተኛው ዙር ሰውየው በሌላኛው በር የወጣ መሰለኝ።

ዋናው ችግር ዝምታው ነው። ወንበሩ ሁሉ ሰው አለበት፤ ድምፅ ግን የለም። አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ። ለነገሩ በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤትም እንዲህ ጸጥ አይልም። ከአዲስ አበባ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው የትውልድ ቀበሌ ያውቃሉ፤ ጣርማበር ላይ ከሚስቱ የተጣላበትን ምክንያት፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ የውርሱን ክርክር ፋይል ይዘው አስተያየት እየሰጡ ነው። ስሙን ግን አልተጠያየቁም። እዚህ ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ሲወርድ እንደታሸገ ዕቃ ነው።

በዚህ መሐል የአጎቴ ስልክ ጮኸ። ደዋይዋ እናቴ ናት፤ ለኪዳን ልትነሳ ነቅታ ኖሯል። አጎቴ የሩቅ ስልክ ሲያነጋግሩ ድምፃቸውን በኪሎ ሜትር ይለኩታል፤ ለናዝሬት የሚበቃ አለ፣ ለአሜሪካ የሚበቃ አለ። ይኸኛው ያለ ስልክም አዲስ አበባ የሚደርስ ነበር። ስልክ ማነጋገር የሚቻለው በፉርጎዎቹ መገናኛ ላይ ብቻ ስለሆነ ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ሲመለሱ ለፉርጎው በሙሉ እጅ ነሱ። የሚገርመው፣ ግማሹ ፉርጎ መለሰላቸው።

ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አጎቴ ሰው እያየ ብቻቸውን መብላት አይሆንላቸውምና እፍኝ ዳቦ ቆሎ ዘረጉላቸው። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። የኦሳካ ሴት ወይዘሮ ደግሞ ቦርሳዋ ከረሜላ አያጣም፤ የታወቁበት ነው። ጥቂት ቆይተው ሁለት ከረሜላ መለሱ። አጎቴ ይህን እንደ ግብዣ ሳይሆን እንደ መሸነፍ ቆጠሩት፤ ሁለት እፍኝ ጨመሩ። አሮጊቷ ብርቱካን አወጡ። አጎቴ በሶ ሊያወጡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ፉኩቺያማ ላይ ስንደርስ ቦርሳዎቻቸው ተለዋውጠው ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

«በል ጠይቅልኝ» አሉ፤ «ልጆች ስንት ናቸው፣ ባለቤታቸው በሕይወት አሉ ወይ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ምነው ብቻቸውን?»

እኔ በጃፓንኛ «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል» አልኩ። አሮጊቷ «አዎን፣ ቀዝቅዟል» አሉ።

አጎቴ ተጠራጠሩ። «እኔ ያልኩት ረዘም ያለ ነበር።»

ኪኖሳኪ በ1925 እ.ኤ.አ. በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ወድማ በእንጨት እንደገና የተሠራች ከተማ ናት። መሐሏን ወንዝ ያቋርጣታል፤ ዳሩና ዳሩ አኻያ ዛፍ ነው። ነዋሪዎቿ «ከተማችን አንድ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ናት፤ ጣቢያው በሯ፣ መንገዱ ኮሪደሯ» ይላሉ። በዚህ ምክንያት ሰው ሁሉ ዩካታ የሚሉትን ስስ ካባ ለብሶ፣ በእንጨት ጫማ ቋ ቋ እያለ፣ ከሰባቱ የሕዝብ መታጠቢያዎች ወደ አንዱ ይጓዛል። አጎቴ ዩካታውን እንደ ጋቢ አጣፍተው ሲወጡ ያረፍንበት ቤት እመቤት ተደናግጠው እየሮጡ መጡ። ቀኙ ከላይ ውሎ ነበር፤ እንዲያ የሚለብስ ሬሳ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ኮኡኖዩ ወደሚባለው ነው፤ በአፈ ታሪኩ የቆሰለ ሽመላ እግሩን የነከረበትና የዳነበት ውሃ። ለጉልበት ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። በሩ ላይ ግን ነገር ተበላሸ።

«ሁሉንም?» አሉ አጎቴ።

«ሁሉንም።»

«ሰው እያየ?»

«ወንዶች ብቻ ናቸው ጋሼ።»

«የባሰ!»

ከዚያ ስለ ፍልውሃ ትምህርት ሰጡኝ። አዲስ አበባን የወለዳት ፍልውሃ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ የወረዱት ለእሱ ሲሉ ነው፤ ቢሆንም እዚያ ክፍል አለ፣ ክፍሉ በር አለው፣ በሩ ቁልፍ አለው። ትክክል ናቸው። ደሴ መንገድ ላይ ለማያውቁት ሰው የቤተሰቡን ገመና አንድ ሳያስቀሩ የሚዘረግፉ ሰው፣ ገላቸውን የሚታጠቡት በሁለት ዙር ቆልፈው ነው። አሁን ግን ወደ ኋላ መመለሻ የለም፤ ጉልበታቸውም ቆሞ መከራከር አልቻለም። አወለቁ።

ለመሸፈኛ የሚሰጠው ፎጣ መሐረብ ታክላለች፤ ውሃ ውስጥ መግባት ደግሞ አይፈቀድላትም፤ አናት ላይ ትቀመጣለች። ዋናው ገንዳ ከመግባት በፊት ዱካ ላይ ተቀምጦ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። አጎቴ እያሹ «ታጥቦ ጭቃ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ታጥቦ መታጠብ ግን አዲሴ ነው» አሉ። በዚህ አጋጣሚ ላንሳው፣ በብዙ የጃፓን መታጠቢያ ንቅሳት ያለበት ሰው ከወንበዴ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ አንገቷን በሙሉ የተነቀሰችው ባለማተብዋ አያቴ በሌላ ከተማ በር ላይ በምን ስም ትጠራ እንደነበር ሳስብ ሳቄ ይመጣል። ኪኖሳኪ ግን ንቅሳት አይከለክልም።

ውሃው 42 ዲግሪ ገደማ ነው። አጎቴ እስከ አንገታቸው ገብተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጊዜ ከእንፋሎቱ መሐል፣ አናቱ ላይ ፎጣ የደፋ ሽማግሌ ወደ እኛ ተንሳፈፈ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«አበበ!» አለ ሽማግሌው፤ ውሃውንም በመዳፉ መታው።

ጃፓኖች «የራቁት ወዳጅነት» የሚሉት አላቸው፤ ልብስ ሲወልቅ ማዕረጉም ሸክሙም አብሮ ይወልቃል ነው ነገሩ። ባቡር ውስጥ አፉን የለጎመው ሕዝብ ለካ የሚያወራበትን ቦታ መርጦ ነው። ሽማግሌው አጎቴን ልጆች ስንት እንደሆኑ ጠየቀ። ባለቤታቸው ደህና እንደሆኑ ጠየቀ። የትኛው ጉልበት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሌሊት ነው ወይስ ቀን? ከዚያ ወደ ራሱ ተሻገረ፤ አንዲት ልጁን በዚያው ሳምንት ሊድር ነው፤ ሙሽራው ግን...

አጎቴ አገጫቸውን ውሃ ውስጥ ደብቀው «እሺ»፣ «ደህና»፣ «ግራው» ብቻ ነበር የሚሉት። እኔ ግን በዚህ ጊዜ አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ።

«ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል በለው» አሉኝ በጥርሳቸው።

ሽማግሌው ግን የሙሽራውን ጉዳይ ሳይጨርስ ሙቀቱ በረታበትና ወጣ።

ማታ እራት ላይ የአካባቢው መኩሪያ የሆነው የብርድ ወራት ሸርጣን ቀረበ፤ አጎቴ አማተቡና ሣህኑን ወደ እኔ ገፉት። በምትኩ የታጂማ ሥጋ መጣ፤ የኮቤ ሥጋ እየተባለ ዓለም የሚያውቀው ከዚህ ዘር ከብት የሚገኘው ነው። እንደ ወረቀት ሳስቶ የተቆረጠ፣ አጠገቡ የሚፍለቀለቅ ውሃ። እየነከርኩ አሳየኋቸው። «እዚህ አገር ሥጋውም ፍልውሃ ይገባል?» አሉና ጥሬውን ጎረሱት። ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሲረኩ አላየኋቸውም። ከዚያ ጸጥ ብለው ቆዩ፤ በመጨረሻ «ሙሽራው ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

እኔ ምን አውቄ።

በማግስቱ ጣቢያው ላይ ሽማግሌውን አገኘነው። ሙሉ ልብስ፣ ክራባት፣ ኮፍያ፣ የተቆለፈ ቦርሳ። አጎቴ ፊታቸው በርቶ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሄዱ። ሽማግሌው ቆመና ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስም መስመሩ ላይ ገብቶ ቆመ። ባቡር ውስጥ ሁለት ወንበር ከፊታችን ተቀመጠ። ኦሳካ እስክንደርስ የምናየው ማጅራቱን ብቻ ነበር።

ቶዮኦካን አልፈን ትንሽ እንደሄድን አጎቴ በክርናቸው ጎሰሙኝ።

«ስማ፣ የልጁን ነገር እስኪጨርስልኝ ድረስ በምን ዘዴ ልብሱን እናስወልቀው?»