ክርክር፦ የማኅበረሰብ መዋጮ ለአልዛይመር ምርምር ይዋል ወይስ ለአስታማሚዎች?

በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና የሚገኙ የሮታሪ ክለብ (የበጎ አድራጎት ማኅበር) አባላት በ1990ዎቹ በሳምንታዊ ስብሰባቸው ላይ ሰማያዊ ባልዲ እያዞሩ የኪሳቸውን ዝርዝር ይጥሉበት ጀመር። የሚጠራቀመው ገንዘብ ማስታወስን የሚያጠፋውን የአልዛይመር ሕመም መነሻና መድኃኒት ለሚፈልጉ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይሰጣል፤ ልማዱም ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛምቷል። እንዲህ ያለው መዋጮ ተገቢ ነው ወይ በሚለው ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊዋ፦ ነገሩ በገንዘብ ብዛት የሚለካ ቢሆን ኖሮ መከራከር ባላስፈለገ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ለአልዛይመርና ለተዛማጅ ሕመሞች ምርምር በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለሚመድብ የባልዲው ሳንቲም ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቁም ነገሩ ገንዘቡ በየትኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል የሚለው ነው። የመንግሥት ገምጋሚዎች ድጋፍ የሚጠይቅ ተመራማሪ ሐሳቡ እንደሚያስኬድ የሚያሳይ የመጀመሪያ ውጤት ይዞ እንዲቀርብ ይፈልጋሉ፤ ያንን ውጤት ለማግኘት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ግን የሚሰጠው እምብዛም አያገኝም። ቤተ ሙከራዋን ገና የከፈተች ወጣት ተመራማሪ የአንድ ረዳት ደመወዝና የሙከራ አይጦች ማቆያ ካገኘች በሁለት ዓመት ውስጥ ሐሳቧ ፍሬ ይኑረው አይኑረው ማወቅ ትችላለች። ደግሞም ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1938 አሜሪካውያን ፖሊዮን ለመዋጋት አሥር አሥር ሳንቲም በፖስታ ወደ ዋይት ሀውስ ልከዋል፤ ያ መዋጮም በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የዮናስ ሳልክን ሥራ ደግፎ በ1955 ክትባቱ ለሕዝብ ደርሷል።

ተቃዋሚው፦ እህቴ፣ ፖሊዮን ማንሳትዎ ለእኔ ወገን ይጠቅማል። ሰዎች ሳንቲማቸውን ሲልኩ የፖሊዮ መንሥኤ ቫይረስ መሆኑ ከታወቀ 30 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በ1949 ደግሞ ቫይረሱን በቤተ ሙከራ ማራባት ተቻለ። አልዛይመር ግን ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር በ1906 በአንዲት ሟች ሴት አንጎል ውስጥ ስላየው ክምችት ካስረዳ ወዲህ፣ ክምችቱ የሕመሙ መነሻ ነው ወይስ ምልክቱ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል። በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት ስለ አሚሎይድ (ክምችቱ ስለተሠራበት ፕሮቲን) የወጣ፣ ከ2,000 ጊዜ በላይ የተጠቀሰ አንድ ጥናት ምስሎቹ ተነካክተው በመገኘታቸው በ2024 ተሰርዟል። ስንት ገምጋሚ ያለፈው ጥናት እንዲህ ከሆነ፣ ባልዲ የሚያዞር ክለብ ምን አይቶ ይመርጣል?

ውጤቱ ሲገኝስ ማን ይጠቀማል? ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት በሐምሌ 2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። በ18 ወራት ሙከራ የሕመሙን መባባስ በ27 በመቶ አዘግይቷል መባሉ እውነት ነው፤ ይህ ግን በ18 ነጥብ መመዘኛ ላይ ከግማሽ ነጥብ በታች የሆነ ልዩነት ነው። መድኃኒቱ ፈቃድ ሲያገኝ ታማሚው በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥሩ እየተሰጠው፣ አንጎሉ እንዳያብጥ ወይም እንዳይደማ በኤምአርአይ እየታየ ይቆይ ነበር፤ የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ ሲወጣ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። እንግዲህ ያ ሳንቲም የጣለ ሰው መጀመሪያ በግብር፣ ቀጥሎ በባልዲ፣ በመጨረሻ ደግሞ በመድኃኒት ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው።

በዚህ መካከል አባቷ ሌሊት ተነሥቶ በር ከፍቶ እንዳይወጣ ቁልፉን ትራሷ ሥር አድርጋ የምታድር ልጅ አለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አልዛይመርን ጨምሮ የመርሳት ሕመም በ2019 ካስከተለው 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ወጪ ግማሽ ያህሉ እንደ እርሷ ያሉ፣ ደመወዝ የሌላቸው አስታማሚዎች የሚሸከሙት ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽንም በ2024 እንደ መስማት መቸገርና የደም ግፊት ያሉ 14 አጋላጭ ነገሮች ቢወገዱ 45 በመቶ የሚሆነውን ሕመም መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። የባልዲው ገንዘብ የመስሚያ መሣሪያ ቢገዛ ጥቅሙ በዓመቱ ይታያል።

ደጋፊዋ፦ ወንድሜ፣ ያ 45 በመቶ ራሱ የብዙ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ጥናት ፍሬ መሆኑን ዘለሉት፤ ቀሪው 55 በመቶስ ምን ይሁን? የተሰረዘው ጥናትም የዘርፉ መሠረት አልነበረም። አሚሎይድ የሕመሙ መነሻ ነው ለሚለው ካሉት ማስረጃዎች ዋነኛው የለንደን ተመራማሪዎች በ1991 ያገኙት የዘረመል ለውጥ ነው፤ እርሱም የተጀመረው ብዙ ዘመዶቿ በሕመሙ የተያዙባት አንዲት የኖቲንግሃም ሴት ለተመራማሪዎቹ በጻፈችው ደብዳቤ ነው። ከማኅበረሰቡ የሚመጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ስለ ዋጋው ያነሡት ግን ከባድ ነጥብ ነው፤ ብዙ ለጋሾች ገንዘቡን ሰጥተው የሚሆነውን ሳይጠይቁ ይሄዳሉ። ሆኖም መንገድ አለ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው ሳንባን የሚጎዳ የዘር ሕመም የያዛቸው ልጆች ወላጆች በ1955 ያቋቋሙት ድርጅት ለመድኃኒት ምርምር የሰጠውን ገንዘብ በውል አስሮ፣ በ2014 ከመድኃኒቶቹ ሽያጭ ድርሻ የማግኘት መብቱን በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ለሌላ ምርምር አውሎታል።

ተቃዋሚው፦ እርሱ ከኩባንያ ጋር የተደረገ ውል ነው፤ የሕመሙም ዘረመል በ1989 ታውቆ ነበር። የሮታሪ ክለብ ጸሐፊ ከዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል ጋር ተቀምጦ ይደራደራል ብዬ አላስብም። የሚቀበሉት ከሆነ ግን ሦስት ነገር በውሉ ይጻፍ፦ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከመንግሥት ድጋፍ ላይ ከቀጥተኛ ወጪው ግማሽ የሚደርስ የአስተዳደር ክፍያ ስለሚጨምሩ፣ ከባልዲው ገንዘብ ምንም አይወሰድ፤ ያልሠራ ሙከራ ውጤትም ሳይደበቅ ይታተም፤ ከዚህ ሥራ የሚወጣ መድኃኒት ዋጋም ገደብ ይኑረው። አለዚያ ባልዲው ለአስታማሚዎች ይዙር።

ደጋፊዋ፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እቀበላለሁ፤ አንዳንድ ለጋሾችም ከወዲሁ ይጠይቋቸዋል። ሦስተኛውን ግን አልቀበልም፤ ለመጀመሪያ ሙከራ በተሰጠ ጥቂት ገንዘብ ምክንያት ከ15 ዓመት በኋላ በሌላ ኩባንያ የሚሸጥን መድኃኒት ዋጋ ለመገደብ የሚፈርም ዩኒቨርሲቲ አይገኝም፤ ከተጻፈም ተመራማሪዋ ገንዘቡን ትታ ትሄዳለች።