ሰማዬ ላይ ለሚያርፉት ክቡር ዝንብ

ለ፦ ክቡር ዝንብ
ባረፉበት

ጉዳዩ፦ ያልደረቀ ሥዕል ላይ ማረፍን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ከረሙ? ቤተሰቡስ? ልጆችስ? የልጅ ልጆችስ? ክረምቱ ከወጣ ወዲህ በመስኮቴ ሲገቡ አይቻቸዋለሁ፤ ዓይን አይብላቸው፣ በርክተዋል። ወሎዬ ነኝና ሰላምታ ሳላዳርስ ክስ አልጀምርም። አሁን ስላዳረስኩ ልጀምር።

እኔ የዘይት ቀለም ሠዓሊ ነኝ፣ እዚሁ ደሴ። ይህን ለሰው ስነግር «ጎበዝ፤ ሥራህስ ምንድን ነው?» ይለኛል። አንቱ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ሥራ ላይ መሆኔን ከማንም ቀድመው የሚያውቁት አንቱ ነዎት፤ የቀለሙን ቱቦ ክዳን ገና ሳላላው ከየት እንደመጡ ሳላይ ደርሰዋል። ተልባው ይሆን የሚጠራዎት? የዘይት ቀለም ማለት እኮ የተፈጨ ቀለም በተልባ ዘይት ታሽቶ ነው። ያው እኛ በጾም ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ። (አንድ ደንበኛ ይህን ብነግረው «ታዲያ ተልባ ከሆነ ምን አስወደደው?» ብሎኛል። ከ400 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ከአዲስ አበባ፣ በሰው በሰው የማስመጣውን ቱቦ ሰኞ ገበያ የምሰፍረው መስሎት።)

ክሴ ማረፍዎ አይደለም። የሚያርፉበት ቦታ ነው። ያን የሐይቅን፣ እዚሁ ደሴ አጠገብ ያለውን ሐይቅ፣ ሥዕል ያስታውሱታል መቼም። ሸራው ላይ ኮረብታ ነበር፣ ዛፍ ነበር፣ የታንኳ ጎን ነበር። ይህ ሁሉ ቡኒ ነው። ቡኒው የአፈር ቀለም ውስጡ ማንጋኒዝ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው። እዚያ ቢያርፉ ማን ይናገርዎታል? ሠርግ ቢደግሱበትም ቅር አይለኝ። ነጩ ግን ሌላ ነው። የዘይት ቀለም እንደ ታጠበ ልብስ ውሃው ተንኖለት አይደርቅም። ዘይቱ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ እያለ ይጠጥራል፤ ቲታኒየም ነጭ ደግሞ ችኮላ የሚባል አያውቅም፤ በዚያ ላይ የደሴ ብርድ አለ፣ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አልጋ ድረስ የሚገባ ጉም አለ። እና ሰማይ በምን ይሠራል? በነጭ። እቤቴ ውስጥ ከሁሉ አምሽቶ የሚደርቀው ሰማዩ ነው፤ አንቱ ደግሞ ከሁሉ መርጠው ሰማዩን።

ማረፉንስ ይረፉ፣ መራመዱ ለምን አስፈለገ? አይቼዎታለሁ። ደመናው ጫፍ ላይ ዐረፉ። የፊት እግሮችዎን እንደ ልማድዎ አሻሹ። ከዚያ ወደ ግራ ትንሽ ሄዱ፣ ቆሙ፣ አሰቡ፣ ዞሩ። በሄዱበት ሁሉ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጥብ ተሰልፏል። መጨረሻ ላይ ነጩ ሲይዝዎት ክንፍዎን ማርገብገብ ጀመሩ፤ ያኔ ነው እኔና ደመናው ያለቀልን። በወረንጦ ላወጣዎት ስሞክር አንቱ ወጡ፣ አንድ እግርዎ ቀረ። በለስላሳ ብሩሽ ብደባብሰው ባሰበት። ሰማያዊው ላይ ግራጫ ጭረት ወጣ። ሊዘንብ ነው ብዬ ተውኩት።

ዝንብ በእግሩ እንደሚቀምስ አንብቤያለሁ። እግራችሁ ላይ ጣዕም የሚለይ ነገር አላችሁ አሉ። እንግዲህ በዚህ ከተማ ሥዕሌን ቀምሶ ያየ ብቸኛው ሐያሲ አንቱ ነዎት ማለት ነው። ሌላው ከበር ሆኖ ነው የሚፈርደው።

አከራዬ ግን የአንቱ ወገን ናቸው። ቡና ሊያጠጡኝ ሲጠሩኝ በንዴት እንደነገርኳቸው፣ «አብሽር ልጄ! ዝንብ የሚያርፈው ጣፋጭ ላይ እኮ ነው» አሉኝ። ሁለተኛውን ስኒ እየቀዱልኝ ደግሞ «እስቲ እሱን ትተህ የኪራዩን ነገር ንገረኝ» አሉ።

ዘርዎ ከሥዕል ጋር የቆየ ዝምድና እንዳለው አውቃለሁ፣ እንዳይመኩብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1446 ፔትረስ ክሪስተስ የሚባል ሠዓሊ አንድ መነኩሴ ሲሥል፣ ከታች በኩል በቀለም በሠራው ፍሬም ላይ አንዲት ዝንብ ሥሎ አስቀምጧል። ሥዕሉ ኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ዝንቧም አብራ። ሠዓሊው ቫን ጎህም ቢሆን በ1885 ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ፣ ደጅ ሆኖ ከሠራቸው አራት ሸራዎች ላይ መቶና ከዚያ በላይ ዝንብ እንደለቀመ ነግሮታል። ይባስ ብሎ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ያሉ ባለሙያዎች በ1889 የሠራውን የወይራ ዛፎች ሥዕል በማጉያ ሲመረምሩ፣ ቀለሙ ውስጥ ፌንጣ አገኙ። ከ100 ዓመት በላይ ማንም አላያትም። ግን ልብ ይበሉ፤ ፌንጣዋ ቀለሙ ላይ ከመውደቋ በፊት የሞተች ነበረች፣ የመፍጨርጨር ምልክት የለም። እንዲህ ነው ጨዋ ነፍሳት! ሞቶ መጥቶ፣ ፀጥ ብሎ መቀበር። አንቱ ግን በሕይወት መጥተው ደመና አረሱብኝ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ በአንቱ ላይ ብቻ ብናደድ ግፍ ነው።

እቤቴ የሚመጣ ሰው ሥዕል ፊት ሁለት ደቂቃ አይቆምም። «ስንት ነው?» ይላል። እነግረዋለሁ። ይስቃል። «የመጨረሻውስ?» ይላል። እነግረዋለሁ። «ይህን እኮ ሸራ ላይ አትመው በግማሽ ቀን ያደርሱልሃል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ያደርሳሉ። ከዚያ ስልኩን ያወጣል፤ «ለባለቤቴ ላሳያት» ብሎ ፎቶ ያነሣል፣ ደግሞም «ይመቻል ብርሃኑ» ብሎ መጋረጃዬን ይገልጣል፣ አንዴ ደግሞ «አንተ ወደዚያ በል፣ ጥላህ ገባ» ተብያለሁ። በገዛ ቤቴ። ባለቤቲቱ እስካሁን አልወሰነችም።

ሐይቅን ፎቶ ያነሣው ሰውዬም እንዲሁ ነበር። ከጊዜ በኋላ ለጉዳይ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ማኪያቶ ልጠጣ አንድ ካፌ ገባሁ። ስሙ ይቅር። ግድግዳው ሙሉ ሐይቅ ነው። የኔ ሐይቅ! የኔ ታንኳ፣ የኔ ኮረብታ፣ በባነር ታትሞ ከጣሪያ እስከ ወለል። ከታች በቀኝ ፊርማዬ ተቆርጧል፤ ፊርማ መቁረጥ መቼም አያቅታቸውም። ባለቤቱን ጠራሁት። «ይህ የኔ ሥዕል ነው» አልኩት። «ወንድሜ፣ ይህ ከኢንተርኔት የመጣ የውጭ ሥራ ነው፤ ከፍዬበታለሁ» አለኝ፣ እንዲያውም የስዊዘርላንድ ነው አለኝ። ሐይቅን! ከዚህ መኪና ይዞ ቢወጣ ከምሳ በፊት የሚደርስበትን ሐይቅ!

ያኔ ነው አንቱን ያየሁት።

ከደመናው በስተግራ። ፊርማዬን የቆረጠው ሰውዬ አንቱን ረስቶዎታል። ግራጫው ጭረት አለ፣ ነጥብ ነጥቡ አለ፣ ጫፉ ላይ ያቺ የቀረችው እግርዎ ከባነሩ ጋር ተለጥጣ ጣት አክላለች። ወንበር ላይ ወጥቼ በእጄ አሳየሁት። «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። አየው። «ወፍ መስላኝ ነበር» አለ። ስልኬን አውጥቼ ዋናውን አሳየሁት፤ ነጥብ በነጥብ ቆጠርንለት፣ አስተናጋጇም መጥታ ቆጠረች፣ አንድ ማኪያቶ የሚጠጣ ሽማግሌ «ወላሂ ያው ራሷ ዝንብ ናት» ብለው መሰከሩ። ባለካፌው ጥቂት ዝም አለና፣ «እሺ፣ ማኪያቶውን አትክፈል» አለኝ።

ካሳው ይኸው ነው። ባነሩ አሁንም አለ። ግን ክቡርነትዎ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሳስበው ቆይቻለሁ፤ «ፕሪንት ነው ወይስ በእጅ የተሠራ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከአንቱ እግር የበለጠ ማስረጃ የለኝም። የባነር ቤት ማሽን ላይ ማን ዝንብ ያርፋል? ባለፈው የመጣች አንዲት ሴትዮ ሸራውን በጎን አይታ፣ በጥፍሯ ልትፍቅ ስትል እግርዎን አሳየኋት። ገዛችው። አልተከራከረችም። (ዋጋውን ለአከራዬ እንዳይነግሩብኝ።)

ስለዚህ ክሱን ወደ ውል ልቀይረው። አንቱ መጥተው ይረፉ፤ በሸራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብቻዎን፣ ልጆቹን ሳያስከትሉ። ቦታው ከታች በቀኝ፣ ፊርማዬ አጠገብ ሳይሆን ፊርማዬ ላይ ይሁን፤ ሲቆርጡ ሁለታችንንም ይቁረጡን። መራመድ ክልክል ነው። ሰማዩ ላይ ግን ከእንግዲህ ካየሁዎት ዓለም ይወቅልኝ፣ ለራሴ የገዛሁትን አጎበር ሸራው ላይ እሰቅላለሁ፤ እኔ በትንኝ ብበላ ይሻላል። የቲታኒየም ነጭ ዋጋ እንደገና ጨምሯል።

ከሰላምታ ጋር
የጦሳው ሠዓሊ

ግልባጭ፦
ለአቶ አቧራ
ለትንኝ ቤተሰብ
«ለባለቤቴ ላሳያት» ላሉት ደንበኛ (ባለቤትዎ ወሰነች ወይ?)